ጎረቤት የማይገዛው ቤት

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ይህን ደብተር የጀመርኩት ልጄ ሩሐማ ስለተማረረችብኝ ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። ዛሬ ለአራተኛ ጊዜ ስደውልላት «እማዬ፣ ክፍል ውስጥ ነኝ! በቀን አራቴ ከምትደውይልኝ ለምን አትጽፊውም?» አለችኝ። እሺ። ይኸው ጻፍኩ።

ወሬው እንዲህ ነው። ከምሠራበት ጤና ጣቢያ ስመለስ የግቢያችን በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። ባንኩ ነው። ቤቱ መጋቢት 10 ቀን በሐራጅ ይሸጣል ይላል። የተሰማ ስም አለ፣ የኔም ስም አለ፣ ካሬ ሜትሩ ሳይቀር አለ። ሃያ ዓመት የኖርኩበት ቤት ስንት ካሬ እንደሆነ ያወቅሁት ዛሬ ነው።

ተሰማ ባለቤቴ ነበር። ሽንኩርትና ማሾ ነጋዴ። ካቻምና ሐምሌ ላይ ተለያየን፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ቤቱን ለሁለት ከፈሉልን። የፊቱ ሁለት ክፍል ለኔ፣ የኋላው ሁለት ክፍል ለሱ። በሩ አንድ፣ ቧንቧው አንድ፣ ቆጣሪው አንድ። «እስክትታረቁ፣ ወይ ቤቱ እስኪሸጥ» አሉና ተነሡ። አልታረቅንም፣ አልሸጥንም፣ ፍርድ ቤት ሄደንም አላጸደቅነውም። እንዲሁ ኖርን። ደህናም ኖርን። እውነቴን ነው፤ ከተለያየን ወዲህ እንደ ሰው ተኝቼ አድራለሁ።

ወረቀቱን ልገነጥለው ስል አሪፋ ከጨርቅ ሱቋ ደጃፍ ቆማ ታየኛለች። አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናት።

«ጌጤ፣ ምንድን ነው የተለጠፈው?»

«የክትባት ዘመቻ ነው» አልኳት።

ከመጋረጃዬ ኋላ ሆኜ ሳይ፣ ሄዳ አነበበችው። ሁለት ጊዜ።


የካቲት 13፣ ሐሙስ

የክትባት ቀን። አርባ ሦስት ሕፃን። መድኃኒቱን ስስብ ከመጋረጃው ወዲያ ሁለት እናቶች፦

«ይቺ ናት ቤቷ የሚሸጥባት?»

«እሷ ናት። ደሞ ትስቃለች።»

«ምን ታድርግ? እያለቀሰች ልጅሽን ትውጋልሽ?»

በመጨረሻ የተናገረችዋን ወደድኳት። የሷን ልጅ ቀስ ብዬ ወጋሁት።


የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ጾሙ ከገባ ሁለተኛ ቀኑ። ዛሬ እረፍት ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ሰው አያስወጣም። እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፣ በደጋ ብርድ ያደግሁ። እዚህ ስመደብ «አንድ ዓመት ሠርቼ እቀየራለሁ» ብዬ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቴ።

ተሰማ እንዴት እንደከሰረ ሰው ሁሉ የየራሱ ወሬ አለው። አንዱ ቁማር ነው ይላል። አንዷ ሴት ናት ትላለች። ምነው ሴት በሆነች! ቢያንስ ስሟን እየጠራን እናማት ነበር። እውነቱ ሽንኩርት ነው። እዚህ አገር ነጋዴ ሽንኩርትን የሚገዛው መሬት ውስጥ እያለ ነው። ማሳው ዳር ይቆማል፣ ሁለት ሦስት ራስ ነቅሎ ያያል፣ ጨመቅ ያደርገዋል፣ «በጥቅሉ በዚህ» ይላል፣ እጅ ይማታሉ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ዝናቡም ትሉም መንገዱም የገዢው ጣጣ ነው። የተሰማ ዓይን የታወቀ ነበር። ከቆቦም ከአጣዬም «አንተ እየው» እያሉ ይጠሩት ነበር። አምና ቤቱን አስይዞ በባንክ ብር አምስት ማሳ በአንድ ጊዜ ገዛ። አስነቀለ፣ አስጫነ፣ መንገድ ተዘጋ። አሥራ አንድ ቀን። ሽንኩርቱ መኪናው ላይ በቀለ። አንድ ሹፌር «እኔ እኮ ሽንኩርት ነበር የጫንኩት፣ አሁን ሣር ይዣለሁ» ብሎ ደወለለት ይባላል።

ሰነፍ ነው አልልም። ግን ለምን አምስት? ሁለት ማሳ ለሰው አይበቃውም? የተለያየነውም በዚሁ ጠባዩ ነው። እንጀራ ቆርሶ ሳይጎርስ ስልክ የሚያነሣ ሰው። «መጣሁ» ብሎ በሦስተኛው ቀን የሚመጣ ሰው።

ከግድግዳው ወዲያ ያስላል። ሦስት ቀኑ። ጉዳዬ አይደለም፤ የሚሰማኝ ነርስ ስለሆንኩ ነው።

(ትንሽ ሽሮ ተርፎኝ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩለት። ተርፎ ነው። ለአንድ ሰው መሥራት ገና አልለመድኩም።)


የካቲት 26፣ ረቡዕ

ባንክ ሄድኩ። ባልሄድኩ።

የብድር ክፍሉ ልጅ ዳንኤል ይባላል። ጨዋ ነው፤ የመጀመሪያ ልጁን እኔ ነኝ የከተብኩለት። «ሲስተር ጌጤ፣ አረፍ ይበሉ» ብሎ ወንበር ሳበልኝ። እኔም መንገድ ሙሉ ስለማመደው የመጣሁትን ዘረገፍኩት፦ ዕዳው የተሰማ ነው፣ ተለያይተናል፣ የቤቱ ግማሽ የኔ ነው፣ ስለዚህ የሱን ግማሽ ብቻ ሽጡ።

ፋይሉን ገለጠና ወደኔ አዞረው። የኔ ፊርማ። ያቺ ጅራቷ የሚረዝመው፣ ሩሐማ «የዘንዶ ፊርማ» የምትላት።

ለሩሐማ «አባትሽ ሳያማክረኝ ነው» ብያት ነበር። ለአሪፋም። ለራሴም ሳልል አልቀረሁም። እንግዲህ እዚህ ልጻፈው። አምና መስከረም ነው፣ ከተለያየን ሁለት ወር ሆኖናል። ተሰማ መጥቶ «ባንኩ የሚስት ፊርማ ይላል፤ ነይና ተለያይተናል በያቸው፣ እኔ ሌላ መላ እፈልጋለሁ» አለኝ። ልነግራቸው ነው የሄድኩት። ሰልፉ እስከ በሩ ነው። ከፊቴ ሦስት ልጆቿን የከተብኩላት ሴት፣ ከኋላዬ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር። የዚያን ጊዜው ሠራተኛ ጮክ ብሎ «ባለቤትዎ ናቸው አይደል?» አለኝ።

«እንዴታ!» አልኩ። ፈገግ ብዬ! ሰው እንዳይሰማብኝ ብዬ ሰው ፊት ፈረምኩ። ተሰማ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፣ መልሶ አቀረቀረ።

ዳንኤል ውሃ አመጣልኝ። «ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል፣ ሲስተር» አለኝ። ደግ ልጅ። ግን ብዙ ሰው ማድረጉ ምን ያደርግልኛል?


መጋቢት 3፣ ረቡዕ

እየተቻኮልኩ ነው። የፊርማውን ነገር ለሩሐማ አልነገርኳትም።

ጠዋት ቧንቧው ጋ ተገናኘን። በሁለት ሳምንት የመጀመሪያ ንግግሩ፦ «ሽሮው ጨው አንሶት ነበር።»

ጀሪካኔን አንሥቼ ገባሁ። (አንሶት ነበር።)


መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ማንም አልመጣም!

ሐራጁ ቦታ ድርሽ አልልም ብዬ ሥራ ገባሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ተሰማ የክትባት ክፍሌ በር ላይ ቆሟል፣ ባርኔጣውን አውልቆ። እዚህ ክፍል ረግጦ አያውቅም። እናቶቹ ሁሉ ዞረው አዩት።

«አንድም ሰው አልመጣም» አለ። «ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ጠበቁ፣ ወንበሮቹን ሰበሰቡ።»

እልል ልል ስል ሕፃን እጄ ላይ ነው።

ማታ በማፍጠሪያው ሰዓት አሪፋ ሳምቡሳ በሳህን ይዛ መጣች። «በምስር ነው፣ ያንቺንም ጾም አያስገድፍም» አለችኝ። ሁዳዴና ረመዳን ዘንድሮ ተያይዘው ገብተዋል፤ እሷ ከፀሐይ ትጾማለች፣ እኔ ከቅቤ፣ ተሰማ ከገንዘብ። አብረን በላን። ስለ ሐራጁ ሳነሣባት ደረቷን ነፋች።

«የጎረቤቱን ቤት በቁሙ የሚገዛ ሰው እዚህ ሰፈር አልተወለደም። ከሌላ ከተማ የመጣ ደላላ እንኳን ሲጠይቅ ‹የሰው እንባ ያለበት ቤት ነው› ብለን መለስነው።»

እንዲህ ዓይነት ጎረቤት የት ይገኛል? አንዳንዴ ሰው አንተን ላለመጉዳት ብሎ ዝም ሲል እንዴት ደስ ይላል። ተመስገን።


መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ዳንኤል ሁለተኛ ልጁን ለክትባት አመጣ። ልጁ አለቀሰ፣ እኔም ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

«ሲስተር፣ ሰው ባለመምጣቱ ደስ ብሎዎታል አሉ» አለኝ።

«እኔ ካልተደሰትኩ ማን ይደሰት?»

«የሚያስደስት አይደለም።» ልጁን እያባበለ አስረዳኝ። ሁለተኛ ሐራጅ አለ፣ ሚያዝያ 29። ያኔም ሰው ካልመጣ ባንኩ ራሱ በመነሻ ዋጋው ይረከበዋል። መነሻ ዋጋው ደግሞ ዕዳውን ከፍሎ እዚያው የሚያልቅ ነው። ሰው መጥቶ ቢጫረት ግን ቤቱ ከዋናው መንገድ ሁለት እርምጃ ስለሆነ ብዙ ያወጣል፤ ከዕዳው የሚተርፈው የኛ ነው፣ ግማሽ ለግማሽ።

«ስለዚህ ሰው ካልመጣ?»

«ሁለታችሁም ባዶ እጃችሁን ትወጣላችሁ።»

ማለት ጎረቤቶቼ በደግነታቸው ባዶ እጄን ሊያስወጡኝ ነው! ከአሪፋ ሳምቡሳ ጋር የበላሁት የራሴን ሁለት ክፍል ነበር።


መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ዒዱ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። ዛሬ አሪፋ ሱቅ ገብቼ ተቀመጥኩ። ጨርቅ የሚመርጥ ሰው እስኪወጣ ጠብቄ፦

«አሪፋ፣ ቤቴን ግዢኝ።»

«አንቺ፣ ሙቀቱ ነው?»

«ሙቀቱ አይደለም። ሱቅሽን ወደኛ ግቢ ለማስፋት ስትመኚ ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ማን አለሽ?»

«ለተሰማ ራስሽ ብለሽዋል። አጥሩን ግፋልኝና ልክፈልህ ብለሽ።»

«ያኔማ ቆማችሁ ነበር! የቆመ ሰው ቤት መግዛት ንግድ ነው። የወደቀ ሰው ቤት መግዛት ግን…» እጇን አራገፈች። «ነገ በዚያ በር ስገባ ምን ይሉኛል? ‹አሪፋ የጌጤን እንባ ገዛች።› ወላሂ አላደርገውም።»

«እኔ መቼ አለቀስኩ?»

«ታለቅሻለሽ። ስትወጪ ታለቅሻለሽ።»

«የማለቅሰው ባንኩ በሜዳ ሲወስደው ነው!» ብዬ ዳንኤል ያለኝን ሁሉ ነገርኳት። ሰማች። ሜትሯን ጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ ጠቀለለች። ዓይኗ አንድ ጊዜ ወደ አጥራችን ሄደ። አየኋት።

«ጋሼ ኢብራሂም ነውር የለውም ካሉ ብቻ» አለች በመጨረሻ። «እሳቸው ሳይሉ እኔ አፌን አልከፍትም። ሌላውም አይከፍትም።»


መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ጋሼ ኢብራሂም የቅሬያችን ዳኛ ናቸው። ደብረ ሲና እድር የምንለውን እዚህ ቅሬ ይሉታል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። የሳቸው ቃል የሰፈሩ ቃል ነው። ቤታቸው ስደርስ ማንጎ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ጫማቸውን ይሰፋሉ።

ሰሙኝ፣ ሰሙኝ፣ መርፌውን ጫማው ላይ ሰክተው ተዉት።

«ሰው ያልገዛው ከልቡ አዝኖ ነው፣ ልጄ። ያዘነን ሰው በትእዛዝ ግዛ አልለውም።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል፣ ጋሼ?»

«ሚያዝያ 5 ቅሬው ይሰበሰባል። አንቺና ተሰማ ጎን ለጎን ቁሙና በአፋችሁ ‹ግዙን› በሉ። ያኔ እኔ ዱዓ አደርጋለሁ፣ ነውሩ ይነሣል።»

«ሁለታችንም?»

«ቤቱ የአንድ ሰው ነው እንዴ?»

ማታ ሄጄ የኋላውን በር አንኳኳሁ። ሬዲዮውን ዘጋ። ነገርኩት።

«ሰው ፊት ቆሜ ከስሬያለሁ ልበል?»

«የማያውቅ ማን አለ?»

«ማወቃቸው ሌላ፣ እኔ ማለቴ ሌላ።»

ልቆጣው አፌን ከፈትኩና ያቺ የባንክ ሰልፍ ትዝ አለችኝ። ዘጋሁት።

«አስብበት» ብቻ አልኩት። እንዲያውም በደንብ ነው ያልኩት። ሳል መድኃኒቱንም ሰጥቼው መጣሁ፤ ጤና ጣቢያ የተረፈ ነው። እሺ፣ ገዝቼው ነው።


ሚያዝያ 5፣ እሑድ። ሆሳዕና

አደረግነው።

የቅሬው ግቢ ሙሉ ነው። እኔ ከቤተ ክርስቲያን የዘንባባ ቀለበቴን እንዳደረግሁ ሄድኩ፤ ይመጣል አይመጣም እያልኩ። መጣ። የበዓል ሰማያዊ ሸሚዙን ለብሶ፣ ራሱ ተኩሷት፤ አንዱ ኮሌታ ወደ ላይ ቆሟል። እጄን ዘርግቼ ላስተካክለው ምንም አልቀረኝም ነበር፣ ሰው አለ ብዬ ተውኩት።

ጋሼ ኢብራሂም ጠሩን። ቆምን። እኔ ልጀምር ስል እሱ ቀደመኝ።

«እንግዲህ» አለ፣ ድምፁ እንደ ጎረምሳ ተሰበረ፣ «ከስሬያለሁ። ሽንኩርት ነው። ቁማር አይደለም፣ ሴትም አይደለችም፤ ያወራችሁ ሰዎች ይቅር ብያችኋለሁ።» ሰው ሳቀ። «ቤቱን እኛ መሸጥ አልቻልንም፣ ባንኩ ነው የሚሸጠው። እናንተ ካልመጣችሁ በነፃ ይሄዳል። እሷ…» አለና ቆመ። «እሷ ጥፋት የለባትም። በኔ ጣጣ ገብታ ነው። ቢያንስ የሷ ግማሽ ይትረፍ።»

ያልነው ይህን አልነበረም። የተነጋገርነው «ግዙን» ሊል ብቻ ነው። ሁሉም እኔን ሲያዩኝ፣ እኔ ሳምንት የተዘጋጀሁ ሴትዮ፣ «ጣራው አያፈስም!» ብዬ ጮህኩ።

«ጥቁር እንግዳ ቢገዛው ይሻላል ወይስ ጎረቤት?» አሉ ጋሼ።

«ጎረቤት!» አለ ተሰማ።

ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ። ገዢው ይባረክበት፣ ወጪው በሰላም ይውጣ፣ በዚህ ቤት ምክንያት ማንም በማንም ላይ ቂም አይያዝ። አሚን አለ ግቢው። እኔም አሚን አልኩ። አሪፋ ከሁሉም ጮክ ብላ አሚን አለች፤ ቶሎ ደንግጣ አፏን ያዘች።

ስንመለስ አንድ መንገድ ነው፣ ምን ይደረግ፣ አብረን ሄድን። «ጣራው አያፈስም?» አለኝና እስከ በሩ ድረስ ብቻውን ሳቀ።


ሚያዝያ 13፣ ሰኞ። የፋሲካ ማግስት

ሩሐማ መጥታለች። ቤቱ ተገለበጠ። ሰው ሊያየው ስለሚመጣ ኖራ እየቀባን ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ብሩሽ ይዞ ይገባል፣ ለሠርግ የምናዘጋጀው ነው የሚመስለው። ተሰማ ዛሬ የማዕድ ቤቱን በር ጠገነው። ሰባት ዓመት! ሰባት ዓመት ሙሉ «ነገ» እያለኝ ያቺን በር በትከሻዬ ስገፋት ኖሬ፣ ሊሸጥ ሲል በሃያ ደቂቃ!

«ለገዢው ነው» አለኝ፣ ሚስማር በአፉ ይዞ።

«ገዢው የታደለ ነው» አልኩት።

ሩሐማ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እኛን አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ታየናለች። ማታ ሳህን ስናጥብ «ልትታረቁ ነው እንዴ?» አለች።

«አፍሽን ያዢ። በር ስለጠገነ ነው የምታረቀው?»

«በር ብቻ አይደለም፣ ዶሮውንም እሱ ነው የገነጠለው።»

ከዚያ እኔም ሳላስበው ስለ ፊርማው ነገርኳት። ሰልፉን፣ ዳይሬክተሩን፣ «እንዴታ!»ን። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ሳህኑን አስቀመጠች።

«አባዬ አምና ነግሮኛል።»

«ምን ብሎ?»

«‹እናትሽ የፈረመችው እኔን ሰው ፊት ላለማዋረድ ነው፤ እኔም ያንን እያወቅሁ ዝም አልኩ› ብሎ። እንዳታነሺባት ብሎ አስምሎኛል።»

እሱን ላለማዋረድ! እኔ ለራሴ ነው የፈራሁት። ይሄን ለሱ ማስረዳት ይገባኛል፤ አንድ ቀን። አሁን ግን ይሁን፣ እንዲያ ይመነው፤ ምን ይጎዳል።


ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

ሰባት ሰው ቤቱን አየ። አንዷ፦ «ማዕድ ቤቱ ይጠባል።» ጠባብ ያለችው ሃያ ዓመት የቀቀልኩበትን ቤት ነው እኮ! አንዱ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ሐኪም ይመስል። ከከሚሴ የመጣ ቃሲም የሚባል የሽንኩርት ነጋዴ ቤቱን ትቶ ከተሰማ ጋር ስለ ማሳ ሲያወራ ቆየ። አሪፋ በአጥሩ ላይ፦ «ያ ሰውዬ ስንት አለ? እኔ ሳልሰማ ምንም እንዳትሉ!»

ይሉኝታዋ የት ገባ? ደስ አለኝ።

ሩሐማ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ቤቱ ኖራ ኖራ ይሸታል። ቆንጆ ሆኗል። ትንሽ ከፋኝ፣ ከዚያ ለወጥ ሽንኩርት ስከትፍ ረሳሁት።


ሚያዝያ 29፣ ረቡዕ

አሁን ገባሁ፣ ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ግማሹ ቅሬ ነው፤ ሊገዙ ሳይሆን ሊያዩ መጥተዋል፣ ቆሎ የያዘም ነበር። እኔና ተሰማ ከኋላ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፣ በመካከላችን አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ትተን። አንዲት ሴትዮ መጥታ እዚያች ቦታ ላይ ተቀመጠች። ተሰማ ተነሥቶ በሌላው በኩል ዞሮ አጠገቤ ተቀመጠ። ቦታ ስለጠበበው ነው።

አራት ተጫራቾች ነበሩ። ሁለቱ ቶሎ ወጡ፤ አሪፋና ቃሲም ቀሩ። ቃሲም ዋጋ ሲጠራ ዝም ብሎ ይጠራል። አሪፋ ግን በጨመረች ቁጥር ወደ ኋላ ዞራ «ይቅርታ፣ ጌጤ» ትለኛለች። ትጨምራለች፤ «ይቅርታ፣ እኅቴ።» እንደገና፤ «ይቅር በይኝ፣ ወላሂ።» ሐራጅ የሚያካሂደው ሰው በመጨረሻ «እመቤት፣ ይቅርታው በዋጋው ውስጥ ይካተታል?» አላት። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ዋጋው ከመነሻው እጥፍ ሲያልፍ ተሰማ ጆሮዬ ሥር፦ «በዚህ ውድ ቤት ውስጥ ነው እንዴ እንጨቃጨቅ የነበረው?»

«ያኔ ረክሶ ነበር» አልኩት።

ቃሲም እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ለአሪፋ ሆነ። መዶሻው ሲመታ እጄ የተሰማን ክንድ ይዞ አገኘሁት። መቼ እንደያዘ አላውቅም። ቀስ ብዬ ለቀቅሁት፤ እሱም እንዳላየ ሆነ።

አሪፋ ወደኔ መጣች፣ አቀፈችኝና ማልቀስ ጀመረች። አጽናናኋት። ቤቴን የገዛችውን ሴት እኔ ሳጽናና ዋልኩ!

ዕዳው ተዘጋ። ከዕዳው የተረፈው ለየራሳችን ሁለት ትንንሽ ክፍል ያለው ቤት በደህና የሚያስጀምር ነው። ዳንኤል እጄን ጨብጦ «እንኳን ደስ አለዎት ልበል ወይስ?» አለኝ። «በል» አልኩት።


ግንቦት 6፣ ረቡዕ

አሪፋ «የፊቱን ክፍል አትልቀቂ፣ በኪራይ ተቀመጪ፣ ከሰውም አላስበልጥብሽም» አለችኝ። አመሰገንኳት፤ አልቀመጥም። ጤና ጣቢያው ጀርባ ሁለት ክፍል አግኝቻለሁ፣ የራሱ ቧንቧ ያለው፣ የራሱ ቆጣሪ ያለው። ጠዋት ላይ ጥላ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ሰው የለም። ዝም ይላል።

ለተሰማ ደግሞ ቃሲም ሥራ ሰጥቶታል። «ገንዘቡ የኔ፣ ዓይኑ ያንተ» ብሎታል፤ ማሳ እያየለት ይመርጥለታል። ሲነግረኝ ፊቱ አበራ። በሰው ገንዘብ እንግዲህ አምስት ማሳም ይግዛ። ገበያው አጠገብ ክፍል ተከራይቷል። ክፍሉን አላየሁትም። መስኮት ግን አለው አሉ፣ ወደ ምሥራቅ፤ ለሳል ጥሩ ነው።

ዛሬ ዕቃ አጓጓዝን። የሱን ቁም ሳጥን እኔ ነኝ የወለወልኩለት፣ የኔን አልጋ እሱ ነው የፈታው። ብሎኖቹን ሁሉ በፌስታል አስሮ «የፊት እግር»፣ «የኋላ እግር» ብሎ ጽፎባቸዋል። እንዲህ ይጠነቀቃል ብዬ አላውቅም ነበር። ወይም አውቅ ነበር።


ግንቦት 17፣ እሑድ

የቅሬ ስብሰባ። ጋሼ ኢብራሂም መዝገቡን ገልጠው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሲፈልጉት ቆዩ። ሲያገኙት ጠሩን።

«እዚህ ‹ተሰማና ቤተሰቡ› ነው የሚለው። ያ ቤት የለም እንግዲህ። እንዴት ልጻፋችሁ፣ አንድ ቤት ወይስ ሁለት?»

ግቢው ሁሉ ወደኛ ዞረ። ቆሎ የሚቆረጥመው እንኳን አቆመ። ሰው ሁሉ የጠበቀው ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ በሩ ከተጠገነ ጀምሮ ሰፈሩ ወሬ አላለቀበትም። ተሰማን አየሁት። አየኝ።

«ሁለት» አልኩ። ጮክ ብዬ። መጨረሻ ወንበር ላይ ያለው ሰው እንዲሰማ አድርጌ።

«ሁለት ነን፣ ጋሼ» አለ እሱም። «እሷን አስቀድሟት።»

የሚከፋው ሰው ጠብቄ ነበር፤ ማንም አልከፋውም። አሪፋ ብቻ አፍንጫዋን ተናፈጠች። ጋሼ አዲስ ገጽ ገለጡ፣ በዚያ ቀስ በቀስ በሚሄድ እጃቸው «ጌጤ ኃይሉ» ብለው ጻፉ። ስሜ በዚያ መዝገብ ውስጥ ተጽፎ አያውቅም። ሃያ ዓመት ለቀስተኛ ሳስተናግድ «ቤተሰቡ» ነበርኩ።

«የቤተሰብ ብዛት?»

«አንድ… አይ፣ ሩሐማ አለች፣ ሁለት» አልኩ።

በዚያው ቅጽበት ተሰማም «ሩሐማን እኔ ጋ ይጻፏት» አለ።

«እኔ ጋ ነች!»

«እኔስ አባቷ አይደለሁም?»

«ክረምቱን የት ልታሳልፍ ነው? ገበያ መሐል?»

«መስኮት አለው እኮ!»

ሰው ይስቃል። ጋሼ ብዕራቸውን አንሥተው ወደ ሰማይ አዩ። «ሱብሃነላህ! ቤት ሲሸጥ አልተጣላችሁ፣ አሁን ልትጣሉ ነው?» ብለው እኔ ጋ ጻፏት፤ ገጹን ገልብጠው ደግሞ እሱ ጋ ጻፏት። በቅሬያችን ታሪክ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ሰው የለም ይላሉ። ደንቡ ይፈቅድ እንደሆን ጠያቂ አልተገኘም።

ስመለስ ደወልኩላት። ክፍል ውስጥ አልነበረችም። ሁሉንም ስነግራት ስቃ ስቃ ልትሞት ነው።

«እና እማዬ፣ ሰኔ መጨረሻ ስመጣ የት ነው የምወርደው?»

«ከአውቶቡስ እንደወረድሽ አባትሽ ጋ ይቀርብሻል፤ ሳሉ እንደተወው እይልኝ» አልኳት። «ከዚያ ነይ። አልጋሽን አንጥፌዋለሁ።»